ላንድ ሮቨር፣ ፓትሮል ወይስ ሎንግ ቤዝ? የግዢና የጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 2017፣ 1ኛ ሳምንት

ሦስት ሆነን የገጠር የእጅ ፓምፕ እንጠግናለን። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራው ግን መንዝ፣ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከጣርማ በር ማዶ ነው። እስካሁን መኪና በኮንትራት ነበር የምንይዘው። የዓመቱን የኮንትራት ሒሳብ ስንደምር ዝም ብለን ተያየን። የራሳችን እንግዛ ተባለ።

የሚፈለገው ይሄ ነው፦ ሦስት ሜትር ቧንቧ የሚሸከም፣ አምስት ሰው ከነዕቃው የሚይዝ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ዋልካ ላይ የማይተኛ። በጀት ከነጥገናው 2.2 ሚሊዮን ብር። አዲስ አይታሰብም። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እሳት ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እያረጀ ይወደዳል።

ከወዲሁ የጣልናቸው አሉ። ሱዙኪ ኤስጄ413 ቀላል ነው፣ ከአንድ ቶን በታች፣ ፍየል የወጣበት ይወጣል። ግን ቧንቧውን የት ልናስቀምጠው? ላዳ ኒቫና ዋዝ ቤንዚን ናቸው። (ዋዝ ሲባል የአንዱ ጓደኛችን አባት ዓይናቸው ያበራል። ውትድርናቸውን ያስታውሳቸዋል መሰለኝ።) ፓጄሮ ለአስፋልትና ለኮረኮንች ምቹ ነው። የፊት እግሩ ግን አንድ ወጥ አክስል አይደለም፣ የሚያልቅ መገጣጠሚያ ይበዛዋል።

የቀሩት ሦስት፦ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር 110፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ60፣ ቶዮታ ላንድክሩዘር 75፣ ማለትም ሎንግ ቤዝ። እኔ ልቤ ያለው ላንድ ሮቨሩ ላይ ነው። ይህን አሁን ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልክድ። የመኪናዎቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ዲፌንደሩ

የ1996 ነው። 2.5 ሊትር፣ 300ቲዲአይ የሚባለው ቱርቦ ናፍጣ። ቀለሙ አዲስ። ባለቤቱ 1.1 ሚሊዮን ብሏል። በዋጋው ብቻ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አብሮን የሚመጣው መካኒክ ዕድሜውን በጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምንለው። ኮፈን አላስከፈተም። ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ማንኳኳት ጀመረ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ከዚያ ዱብ። ዱብ ያለችውን ቦታ በካቻቢቴ ወጋት። ካቻቢቴው ገባ። በስቱኮ ተሞልቶ፣ ከላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው።

ላንድ ሮቨር እንዲህ ያታልላል። አካሉ አሉሚኒየም ነው። በ1948 ሲጀመር ከጦርነቱ ማግሥት ብረት በራሽን ስለነበር የተደረገ ነው። አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ ሰው መኪናውን አይቶ "ምንም አልሆነ" ይላል። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ሣጥን ሆኖ የተበየደ። ጭቃና ውሃ ውስጡ ይቀመጣል። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው።

ቢሆንም ነዳነው። በሬሳ ወንዝ ዳር ድንጋዩ ላይ ወሰድነው። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከነዳነው እንደሱ የሄደ የለም። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሠራው። መሐል ላይ ያለውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጉልበት የሚያካፍለውን ጥርስ፣ መቆለፍ ብቻ ነው። ከፊትም ከኋላም ሞላ ስላለው አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬት አይለቅም። ቱርቦው ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ጥሩ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው።

ስንመለስ ጋሼ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ውሃው ዝገት መልክ ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አንዴ ተፈትቷል። በዚህ ሞተር ውሃ ጎድሎ ከተነዳ ቴስታታው ይጣመማል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደፈታው የሚናገር የለም። ተውነው። ከፍቶኝ ነው የተመለስኩት።

ኅዳር፣ 4ኛ ሳምንት፦ ፓትሮሉ

አዲስ አበባ ድረስ ሄድን። የ1994 ዋይ60፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቲዲ42 ሞተር። 1.6 ሚሊዮን።

ጋሼ ይህን ሞተር ሲሰማ ፈገግ አለ። ታይሚንጉ፣ ቫልቭና ፒስቶንን በጊዜያቸው የሚያስኬደው፣ ቺንጋ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቺንጋ ተበጥሶ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫል የሚባል ሥጋት የለም። 4,169 ሲሲ ነው። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ 4,164 ነው። ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ ያ ቺንጋ ነው። አክስሎቹም ከፊትም ከኋላም ወፍራም ናቸው፣ በሞላ የተሠራ። በወረቀት ከሄድን ከሦስቱ ምርጡ እሱ ነው።

ነዳነው። ፀጥ ያለ ነው። ጋሼ "ይሄ ዝምታ አልተመቸኝም" አለ። የኋላውን ዲፈረንሻል የዘይት ቡሎን ትንሽ አላላው። የወጣውን ዘይት በጣቴ አሸሁት። ሻካራ ነው። አሸተትኩት። ሰጋቱራ!

ወሬውን ሰምቼ አውቃለሁ፣ በዓይኔ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሚጮህ ዲፈረንሻል ውስጥ ሰጋቱራ ከግራሶ ጋር ይጨመራል። ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል፣ እስኪሸጥ። ጋሼ ባለቤቱ ፊት ምንም አላለም። መኪናችን ውስጥ ከገባን በኋላ "ይሄ መኪና በሽታ የለበትም፣ ሐኪም በዝቶበት ነው" አለ።

ዲፈረንሻሉን ቀይረን እንውሰደው ብዬ ተከራከርኩ። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ዞርን። ለላንድክሩዘር ኩሽኔታ በስድስት ሱቅ አገኘን፣ ዋጋ አወዳደርን፣ ሻይ ጋበዙን። ለፓትሮሉ የዲፈረንሻል ጥርስ ግን "ከተፈታ መኪና ፈልጌ ልደውልልህ" ያለን አንድ ሰው ነው። እስካሁን አልደወለም። ክርክሩ እዚያ አለቀ።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት፦ ገዛን

የ1993 ኤችዜድጄ75፣ ጎንና ጎን አግዳሚ ወንበር ያለው ሎንግ ቤዝ። 2,130,000 ተጠየቀ፣ በ2,050,000 ጨረስን። የደላላው 20,000 ለብቻ።

ሻንሲው ከዳር እስከ ዳር ቲን፣ ቲን ይላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ይህን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ሞተሩ በጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ጭሱ የጤና ነው።

መጥፎው ወገን፦ የፊት ጎማዎቹ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሰዋል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 387,000 ላይ ቆሟል፣ መቼ እንደቆመ አይታወቅም። ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ላሜራ) ላይ ተጨማሪ ላሜራ ተጨምሮበታል፣ ባዶውን ሲነዳ ወገብ ይቆርጣል። 75 ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው። ፊቱን ሞላ ያደረጉት በ1999 ነው፣ ከኛው በኋላ። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም።

ለጥገና ብለን የመደብነው 100,000 ነው። ይህንም ልጻፈው።

ጥር፦ ቺንጋው

የዚህ ሞተር ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። የኛ አይበራም። ስፈታው አምፖሉ የለም። መብራቷ ያስጨነቀችው ሰው ቺንጋውን ሳይሆን አምፖሏን ነው ያወጣት።

ጋሼ ሠርግ ሄዷል፣ ጥር ነውና ሠርጉ አያልቅም። ብቻዬን ጀመርኩ። ቺንጋና መወጠሪያው 13,500 ብር። አሮጌው ሲወጣ ጠርዙ ተተልትሏል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስቶን ላይ ያርፋሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ሊበጠስ ስንት እንደቀረው ማሰብ አልፈልግም።

ምልክቶቹ ሦስት ቦታ ናቸው፦ ክራንኩ፣ ካሙ፣ የናፍጣ ፓምፑ። አስተካክዬ አሰርኩት። በመፍቻ ሁለት ዙር በእጄ አዞርኩት፣ የሚነካ ነገር የለም። አስነሣሁት። በግድ ተነሣ። ነጭ ጭስ ሰፈሩን ሞላው፣ ጉልበት የለውም።

እዚህ ላይ ነው የሞኝነቴ። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ናቸው ብዬ ስድስቱንም ፈታሁ። ማስፈተሻ 2,000 ብር ከፈልኩ። ሁሉም ደህና ናቸው ተባለ። ሁለት ቀን ሄደ። ጋሼ ከሠርጉ ሲመለስ መብራት አስያዘኝና ተጎንብሶ አየ። "የፓምፑ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ልጄ" አለ። ሁለት ዙር ያዞርኩት እንዳይጋጭ ብቻ ነበር። ካዞርኩ በኋላ ምልክቶቹን መልሼ አላየሁም። ማየት ያለብኝ ያኔ ነበር።

በአንድ ሰዓት ተስተካከለ። የቆጣሪውንም ገመድ ቀየርን።

ጥር መጨረሻ እስከ የካቲት፦ የፊት አክስል

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ጊዜ ወስጄ እጽፈዋለሁ፣ ይህን መኪና የሚገዛ ሁሉ ይገባበታልና።

የፊት ጎማ የሚዞርበት ኳስ የመሰለ ቤት አለ። ውስጡ ሲቪ ጆይንት፣ ጎማው ሲታጠፍም የሚያዞረው መገጣጠሚያ፣ በግራሶ ተሞልቶ ይኖራል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘይት የሚያግደው አንዲት ኦይል ሲል ናት። እሷ ካለቀች ዘይቱ ይገባል፣ ግራሶው ይቀጥናል፣ ሾርባ ይሆናል። የኛን ስንከፍተው ጥቁር ሹሮ ነው የፈሰሰው።

ለመፍታት መጀመሪያ የሃቡን (የጎማውን መሐል) ስድስት ዳዶ ማውጣት ነው። ከሥራቸው የተሰነጠቁ ሾጣጣ ቀለበቶች አሉ፣ ካልተመቱ አይወጡም። በብረት አትምቱ፣ በነሐስ ምቱ። ቀጥሎ የኩሽኔታው ትልቅ ዳዶ ይመጣል። 54 ሚሊ መፍቻ ይፈልጋል። ከኛ በፊት የነበረው መካኒክ ያ መፍቻ አልነበረውም። በመሮ ነው የፈታው፣ በመሮ ነው ያሰረው። የዳዶው ጠርዝ ሁሉ ተቦጫጭቋል። እኛም መፍቻ የለንም። ቶርኖ ቤት ሄደን ከወፍራም ቧንቧ በ1,200 ብር አሠራን። አሁን የሰፈሩ ባለ ላንድክሩዘር ሁሉ ይዋሰናል፣ ማስያዣ መቀበል ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ከላይና ከታች የሚይዙት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ተበልተዋል። መሪው ቀጥታ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎድጎድ የሚለው ለዚህ ነው። እዚህም ተሳሳትኩ። ከላይና ከታች ሺም የሚባሉ ስስ ቆርቆሮዎች አሉ፣ ውፍረታቸው ይለያያል። የላዩን ከታቹ ጋር አንድ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ግማሽ ቀን ስንለካና ስንሞክር ዋልን። ልኩን ያገኘነው የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን አንጠልጥለን ቤቱን እየጎተትን ነው። ሲላላ ሺም ስንቀንስ፣ ሲጠብቅ ስንጨምር።

ጋሼ አንድ ነገር አስተማረኝ። ሲቪ ጆይንቶቹን የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየራቸው። ወደፊት ሲነዳ የሚበላው የጥርሱ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ሲቀያየር ያልተበላው ወገን ይሠራል። ባይሆን አዲስ ጆይንት መግዛት ነበረብን።

ለሁለቱም ወገን ኩሽኔታ፣ ሲልና ጓርኒሲዮን የያዘ ኪት 38,000 ብር። ከሐምሌ 2016 የዶላር ለውጥ በፊት በስንት እንደነበር ባለሱቁ ነግሮኝ ነበር። ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

የካቲት መጨረሻ፦ ያው ልቅሶ

ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግራው ዘይት አለቀሰ። ርካሽ ሲል ነው አልኩ። ኦሪጅናል ሁለት ሲል በ5,600 ገዛሁ። እንደገና ፈታን፣ ገጠምን። በአሥረኛው ቀን ኦሪጅናሉም አለቀሰ።

ጋሼ ሳይናገር ከሥር ገባ። በዚህ ጊዜ ሲሉን አላየም። አክስሉ ላይ ወዳለችው መተንፈሻ ሄደ። ዲፈረንሻል ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ይፈልጋል። መተንፈሻው ላይ ቡሎን ታስሯል! ዘይት ስላላበው አንዱ "ዘግቼዋለሁ" ብሎ ሒሳብ ተቀብሏል። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፋው። ለሁለተኛ ጊዜ የፈታነው በከንቱ ነው ማለት ነው።

ቡሎኑን አውጥተን ረጅም ጎማ ቱቦ ቀጠልንለት፣ እስከ ሞተሩ ክፍል ድረስ። ወንዝ ሲሻገርም ውሃ አይስብም። ሲሉን አልነካነውም። ልቅሶው ቆመ።

እስካሁን ያየነውን ስደምረው፦ ስቱኮው፣ ሰጋቱራው፣ አምፖሏ፣ መሮው፣ ቡሎኑ። መንገድ ያበላሸው ነገር እስካሁን የባሌስትራ ቡሽና ኩሽኔታ ብቻ ነው።

መጋቢት፦ ባሌስትራና ጎማ

የተጨመረውን ላሜራ አወጣን። ባዶውን ሲሄድ ለስላሳ ሆነ። 600 ኪሎ ቧንቧና ሲሚንቶ ስንጭን ቂጡን ጎተተ። መልሰን ስስ ላሜራ ጨመርን። 4,000 ብር። ጥሩ ነው፣ ግሩም አይደለም።

ጎማ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጣላን። እኔ ሰፊ ጎማ ፈለግሁ፣ ሲያዩትም ያምራል። ጋሼ 7.50 በ16 አለ፣ ቀጭኑን። ሰፊውን ከአንድ ወዳጃችን ተውሰን ዋልካ ላይ ሞከርነው። ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ጥርሱ በጭቃ ተደፈነ፣ ክብ ሳሙና ሆነ። ቀጭኑ ግን ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። አሸዋ ቢሆን ሰፊው ያሸንፍ ነበር። እኛ ጋ አሸዋ የለም። አራት ጎማ በ56,000 ገዛን። ቸርኬው ቀለበት ያለው ነው፣ የትም ገጠር ያለ ጎሚስታ በመዶሻና በብረት ይፈታዋል። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ሲሞላ ግን ሰው ይገድላል። ሲሞላ ፊት ለፊቱ አትቁሙ።

ሚያዝያ፦ ጭቃው

የበልግ ዝናብ ነው። ከመሐል ሜዳ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ፓምፕ ተሰብሯል። ዲፌንደሩን በመጨረሻ የገዛው ልጅ ሰምቶ "አብሬ ልምጣ፣ እንይ" አለ። ሻንሲውን ከኋላ ቆርጦ አዲስ አስበይዷል፣ ስቱኮ የለም። አመጣጡ የፉክክር ነው።

ጣርማ በር ዳገት ላይ ጥሎን ሄደ። የኛ 4.2 ሊትር ነው፣ 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ቱርቦ ስለሌለው ግን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሩብ የሚበልጠውን ጉልበቱን አየሩ ይበላዋል። በሁለተኛ ማርሽ እያጓራን ደረስን።

ጭቃው ጋ ስንደርስ ፎር ዊል አስገባሁ፣ ሎው አደረግሁ። ሃያ ሜትር። ቆመ። የኋላው ይሽከረከራል፣ የፊቱ አይንቀሳቀስም። አካፋ፣ ድንጋይ፣ ሰው መግፋት። አንድ ሰዓት። ዲፌንደሩ በጎን አለፈን፣ ዞሮ መጣ፣ በገመድ ጎተተን። የዲፌንደሩ ልጅ ወርዶ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ጎንበስ ብሎ የግራ ሃባችንን አሳየኝ። የፊት ሃቦቹ በእጅ ነው የሚቆለፉት። የቀኙን ቆልፌዋለሁ። የግራው "ፍሪ" ላይ ነው። አንዱ ከተለቀቀ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ሁሉ ወደዚያው ይሰዳል፣ ሌላው ጎማ ምንም አያገኝም።

"የኛ ሁሌም ፎር ዊል ናት" አለኝ። ምን እመልስለታለሁ?

ሁለቱንም ቆልፈን ቀጠልን፣ ሌላ ችግር አላጋጠመንም። ግን እንደሱ አልሄድንም። አንድ ጠማማ ቦይ ላይ የኛ አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች፣ የሱ ተለጥጦ አለፈ። የባሌስትራና የሞላ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። በመንገድ አልባ ቦታ ላንድ ሮቨሩ ይበልጣል፣ አሁንም እላለሁ።

ማታ መሐል ሜዳ ስናድር የሱ የውሃ ቱቦ ተሰነጠቀ። ከተማውን ዞረ፣ የለም። በሽቦና በላስቲክ አስሮ አደረ። ለኛ የናፍጣ ፊልትሮ ስፈልግ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አገኘሁ። ቧንቧ ጭኖ በወር ሦስት ጊዜ ለሚመላለስ ሰው የሚቆጠረው ይህ ነው። ለመዝናናት ቢሆን ዲፌንደሩን እወስድ ነበር። ብር ቢተርፈኝ ደግሞ የዚያን ፓትሮል ሞተር ብቻ።

ሰኔ፣ 1ኛ ሳምንት

ሒሳብ ተደመረ። ከግዢው ውጭ 188,000 ብር። ከዚህ 30,000 የጋሼ የእጅ ነው፣ እሱም በግድ ነው የተቀበለው። በጠቅላላው 2,238,000። በጀቱን በ38,000 አልፈናል። ጓደኞቼ የኖዝል ማስፈተሻውንና የሁለተኛውን ሲል ከኔ ድርሻ ይቆረጥ ብለዋል። እየተደራደርን ነው።

የቀረ ሥራ፦ የፎር ዊል መብራቱ አልፎ አልፎ አይበራም። የኋላ ፍሬን በቀኝ በኩል ይይዛል። የመተንፈሻው ቱቦ ባለፈው ሳምንት ድንጋይ ቆረጠው። እዚያው መንገድ ላይ በብስክሌት ካላማዳሪ ቀጥዬ በሽቦ አሰርኩት። ይሠራል፣ ስለዚህ እስካሁን አልቀየርኩትም።

ትናንት ማርከር ገዝቼ ኮፈኑ ውስጥ ጻፍኩ፦ "ቺንጋ ጥር 2017፣ በ387,000። የፊት አክስል መተንፈሻ ግራ በኩል በካላማዳሪ ተቀጥሏል፣ ይቀየር።"